ከረቡዕ ማታ እስከ ሐሙስ ገበያ፤ የአነስተኛ ንግድ ድረ ገጽ ደንበኛ የሚያመጣው እንዴት ነው?

የዛሬው ጽሑፌ ከተለመደው የሕግ ጉዳይ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፡፡ መነሻው ግን እንደ ወትሮው አንድ የሕግ ጥያቄ ነው፡፡ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ በደቡብ ኦሞ፣ በቀይ አፈር ከተማ ስምንት ክፍሎች ያሉት አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለው፡፡ ከሁለት ዓመት በፊት ገንዘብ አውጥቶ ድረ ገጽ አሠራ፡፡ ባለፈው ዓመት ለጉዳይ አዲስ አበባ መጥቶ ቢሮዬ ጎራ አለና፣ “ጋሼ፣ ድረ ገጽ ካሠራሁ በኋላ አንድም ደንበኛ በእሱ በኩል አልመጣልኝም፡፡ ሠሪውን ከስሼ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ ወይ?” ሲል ጠየቀኝ፡፡

ውሉን አየሁት፡፡ አንዲት ገጽ ናት፡፡ ሠሪው ድረ ገጽ ሠርቶ ለማስረከብ፣ አሠሪው ደግሞ ለመክፈል ይስማማሉ፡፡ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚያድሰው፣ ስሙ በማን እንደሚመዘገብ የሚገልጽ አንድም ቃል የለውም፡፡ አባቶቻችን “ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል” እንዲሉ፣ ክሱ እንደማያዋጣ ነገርኩትና፣ “እስቲ ድረ ገጹን ራሱን ላየው” አልኩት፡፡ ድረ ገጹን የምስክር ቃል እንደሚመረመር መስመር በመስመር መረመርኩት፡፡ ያገኘሁት ጉድለት በቀይ አፈር ብቻ የተወሰነ አይደለም፡፡ በባሕር ዳርም፣ በሐዋሳም፣ በቦሌም ያሉ አነስተኛ ድርጅቶች የሚጋሩት ነው ብዬ ስለማምን እነሆ ለአንባቢ አቀርበዋለሁ፡፡

ቀይ አፈር ምን ትሸጣለች?

ማንኛውም ድረ ገጽ ከመሠራቱም ሆነ ከመታደሱ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ቴክኒካዊ አይደለም፡፡ ጥያቄው፣ “ደንበኛው ከሌላው ይልቅ እኔ ዘንድ የሚመጣው ለምንድን ነው?” የሚል ነው፡፡

ቀይ አፈር የበና ፀማይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፡፡ ከኮንሶ በወይጦ በኩል ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጂንካ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች፡፡ የምትታወቀው በሐሙስ ገበያዋ ነው፡፡ በዚህ ቀን በናው፣ ፀማዩ፣ ሐመሩና አሪው ከየአቅጣጫው ይገናኛሉ፤ ማርና ቅቤ፣ ማሽላ፣ ቅል፣ ትምባሆ፣ ፍየልና ከብት ይገበያያሉ፡፡

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡ አብዛኛው ጎብኚ በአስጎብኚ መኪና ሐሙስ ረፋድ ላይ ይደርሳል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ፎቶ ሲያነሳ ይቆያል፣ ከዚያም ለአዳር ወደ ጂንካ ወይም ወደ ቱርሚ ይነዳል፡፡ ለቀይ አፈር የሚተርፋት አቧራውና የጥቂት ለስላሳ መጠጦች ሂሳብ ነው፡፡ ይህ ወጣት ድረ ገጽ ሲያሠራ ሊመልስ የሚገባው ጥያቄ እንግዲህ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ቀይ አፈር ውስጥ ለምን ያድራል?

እርሱ ግን መልሱን ያውቀዋል፡፡ ለምን እንደሚያድር ስጠይቀው ሳያመነታ ነገረኝ፡፡ ረቡዕ ማታ ያደረ እንግዳ ሐሙስ በማለዳ ተነስቶ ገበያተኛው ከብቱን እየነዳ፣ ቅሉን ተሸክሞ በእግሩ ወደ ከተማዋ ሲገባ ያያል፡፡ መኪኖቹ ከመድረሳቸው በፊት ከሰው ጋር ቡና ይጠጣል፡፡ ይህ በጂንካም በቱርሚም አይገኝም፡፡ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ዓረፍተ ነገር በድረ ገጹ ላይ አልነበረም፡፡ በምትኩ የሰፈረው “ዘመናዊና ምቹ አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ” የሚል፣ የትኛውም ሆቴል የሚለው ቃል ነው፡፡ “የማያውቁት አገር አይናፍቅም” ይባላል፡፡ የድረ ገጽ የመጀመሪያ ሥራ ማሳወቅ ነው፡፡ ስለዚህ የመጀመሪያው ማሻሻያ የፊተኛውን ገጽ እንዲህ መለወጥ ሆነ፤ “የሐሙስን ገበያ ከመኪኖቹ በፊት ይዩ፤ ረቡዕ ማታ እኛ ዘንድ ይደሩ፡፡”

እውነቱን መጻፍ

ሁለተኛው ግኝቴ ይበልጥ አሳሳቢ ነበር፡፡ ድረ ገጹ ቀይ አፈርን “በዩኔስኮ የተመዘገበች” ይላታል፡፡ እውነታው ይህ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ሲሆን፣ የተመዘገበውም በጥንታዊ የሰው ዘር ቅሪተ አካል ግኝቶቹ ምክንያት እንጂ በገበያዎቹ አይደለም፡፡ በፊተኛው ገጽ ላይ የተለጠፈው ትልቁ ፎቶም ከንፈሯ ላይ ሸክላ ያደረገች የሙርሲ ሴት ነበር፡፡ ሙርሲዎች ግን የሚኖሩት በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ነው፤ ጎብኚው ወደ እነርሱ የሚሄደው ከጂንካ ተነስቶ ነው፡፡ ያንን ፎቶ አይቶ ሐሙስ ቀይ አፈር የሚመጣ እንግዳ የጠበቀውን አያገኝም፡፡ ሳያገኝም ዝም ብሎ አይሄድም፤ እንደተታለለ ጽፎ ለዓለም ያሳውቃል፡፡

የከብት ዝላይ ሥነ ሥርዓትም እንዲሁ “በየሳምንቱ ይታያል” ተብሎ ተጽፎ ነበር፡፡ ሥርዓቱ ቤተሰብ ቀን ቆርጦ የሚያዘጋጀው እንጂ ለቱሪስት መርሐ ግብር የሚወጣለት አይደለም፡፡ ትክክለኛው አጻጻፍ፣ “በቆይታዎ ጊዜ ሥርዓት ካለና ቤተሰቡ ከፈቀደ እንነግርዎታለን” የሚለው ነው፡፡ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሐሰተኛና አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን ይከለክላል፡፡ ሕጉን ብንተወው እንኳ፣ የቀይ አፈር ማር ሻጭ ደንበኛውን ከማሩ ቀምሶ እንዲገዛ ሲያደርግ፣ ድረ ገጻችን ከዚያ ያነሰ ሐቀኝነት ሊኖረው አይገባም፡፡

ጎብኚው ሳይጠይቅ መመለስ

ወጣቱን ባለፉት ወራት የመጡለትን ኢ-ሜይሎችና የዋትስአፕ መልእክቶች እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት፡፡ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ደግመው ደጋግመው ይመጣሉ፡፡ ዋጋው ስንት ነው? ከጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ እንዴት እንደርሳለን? ሙቅ ውኃ አለ? መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? በምን እንከፍላለን? ገበያው ስንት ሰዓት ይደምቃል? ድረ ገጹ ግን ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም፡፡ የትኛውም ባለ ድርጅት ስልኩን ከፍቶ ያለፉትን ሃምሳ ጥያቄዎች በወረቀት ቢገለብጥ፣ ለድረ ገጹ ይዘት ከዚህ የተሻለ አማካሪ አያስፈልገውም፡፡

ዋጋን መደበቅ የአገራችን ድረ ገጾች የጋራ በሽታ ነው፡፡ “ይደውሉልን” ማለት ደንበኛን መሳብ ሳይሆን መግፋት ነው፡፡ አሥር ማረፊያ የሚያወዳድር ሰው ዋጋውን ወደጻፈው ይሄዳል፡፡ የምንዛሪ ተመን ሊለዋወጥ እንደሚችል፣ በተለይም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ፣ ሁላችንም አይተናል፡፡ መፍትሔው ዋጋውን በብር ጽፎ፣ “እስከዚህ ቀን ድረስ የሚጸና” ብሎ ቀኑን መጥቀስ ነው፡፡

የእኛ ሰዓትና የእኛ ዘመን አቆጣጠርም ሊታሰብበት ይገባል፡፡ “ሐሙስ 3 ሰዓት እንገናኝ” ብለን ብንጽፍ የውጭ አገር ሰው የሚረዳው ሌሊቱን ነው፡፡ ሰዓትም ቀንም በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ አለበት፡፡ አንድ ቀን የተሳሳተ እንግዳ የሐሙስን ገበያ አጥቶ ዓርብ ባዶ ሜዳ ያያል፡፡

ከዚህ ሌላ አንድ ጠቃሚ ገጽ እንዲጨምር መከርኩት፡፡ ይኸውም የአካባቢው የገበያ ቀኖች ዝርዝር ነው፤ ሰኞ ቱርሚ፣ ማክሰኞ አልዱባና ዲመካ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካና ዲመካ፡፡ ጉዞውን የሚያቅድ ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚፈልገው ይህንን ነው፡፡ ለጎረቤት ገበያ መጥቀስ ተወዳዳሪን መጥቀም ሊመስል ይችላል፡፡ ነገር ግን መረጃውን ያገኘ ሰው መረጃውን የሰጠውን ያስታውሳል፡፡

መገኘትና መከፈት

ጥሩ ጽሑፍ ካልተገኘ፣ ቢገኝም ካልተከፈተ ዋጋ የለውም፡፡ የከተማዋ ስም በላቲን ፊደል ሦስትና አራት ዓይነት አጻጻፍ አለው፡፡ “ቀ”ን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፋታል፤ አንዱ ሁለቱን ቃላት ያጣብቃል፣ ሌላው ይለያያል፡፡ ሐመርና በናም እንዲሁ ናቸው፡፡ ፈላጊው የትኛውን እንደሚጽፍ ስለማይታወቅ፣ የተለመዱት አጻጻፎች ሁሉ በገጹ ላይ በተፈጥሯዊ መንገድ ቢጠቀሱ ይመረጣል፡፡

በአማርኛ የተጻፈው ክፍል ደግሞ ጽሑፍ ሳይሆን ፎቶ ሆኖ ነው የተለጠፈው፡፡ ይህ የድሮ ልማድ ነው፡፡ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም አቀፉን ዩኒኮድ ከመቀላቀሉ በፊትና ከዚያም በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት፣ ፊደላችን በአንባቢው ኮምፒውተር ላይ እንዳይበላሽ በምስል መለጠፍ የግድ ይሆን ነበር፡፡ ዛሬ ግን ምክንያት የለውም፡፡ በምስል የተቀበረ ጽሑፍ ለፍለጋ አይመችም፣ ስልክ ላይ ሲያሳንሱት አይነበብም፣ ተቀድቶም ለወዳጅ አይላክም፡፡

ክብደቱስ? ፊተኛው ገጽ አሥር ፎቶዎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው 4 ሜጋ ባይት ገደማ ይመዝናሉ፡፡ ድምሩ 40 ሜጋ ባይት ነው፡፡ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት በሚሄድ መስመር ይህንን ለማውረድ 320 ሰከንድ፣ ማለትም ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል፡፡ መንገድ ላይ ሆኖ በስልኩ አዳር የሚፈልግ ሰው አምስት ደቂቃ አይጠብቅም፡፡ ፎቶዎቹ እያንዳንዳቸው ወደ 200 ኪሎ ባይት ሲቀነሱ በዚያው መስመር 16 ሰከንድ ይበቃቸዋል፡፡ ሥራው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ወጪም የለውም፡፡

አድራሻው የተመሰጠረ ግንኙነት አለመጠቀሙም ሌላው ጉድለት ነው፡፡ የጎግል ክሮም መቃኛ ከሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ገጾች “አስተማማኝ ያልሆነ” የሚል ምልክት ይለጥፍባቸዋል፡፡ በር ላይ “አትግቡ” ብሎ እንደመለጠፍ ነው፡፡ ማስተካከያው የምስክር ወረቀት በነጻ ከሚሰጡ ድርጅቶች ይገኛል፡፡ በጎግል ካርታ ላይ ድርጅትን በትክክለኛው ቦታ ማስመዝገብም ነጻ ነው፡፡ ስልክ ቁጥሩ ደግሞ በጽሑፍ፣ ሲነካ በሚደውል መልኩ፣ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ መቀመጥ ይኖርበታል፡፡

የጎረቤት ፊት

ከወጣቱ ጋር አጥብቀን የተከራከርነው በፎቶ ጉዳይ ነው፡፡ የሙርሲዋ ሴት ፎቶ ከኢንተርኔት የተወሰደ ነበር፡፡ ይህ ያለ ፎቶ አንሺው ፈቃድ ከሆነ በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ይጻረራል፤ ስለዚህ ሳያንገራግር አወረደው፡፡ ሌላው ፎቶ ግን የራሱ ነው፡፡ በየሐሙሱ ቅል የምትሸጥ አንዲት የበና እናት ፊት በቅርብ ይታያል፡፡ “እኔው በስልኬ ያነሳሁት ነው፣ ጋሼ፡፡ ደግሞ ሁሉም ያደርገዋል፡፡ ያለዚህ ፎቶ ማን ይመጣል?” አለኝ፡፡

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፡፡ ቀጣዩ አንቀጽ ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ በአደባባይ የተፈጸመ ጉዳይ፣ ሳይንሳዊ፣ ባህላዊ ወይም ትምህርታዊ ዓላማ፡፡ የገበያውን አጠቃላይ ገጽታ የሚያሳይ ፎቶ በዚህ ሊጠለል ይችላል፡፡ የአንዲትን ሴት ፊት ነጥሎ ለክፍል ኪራይ ማስታወቂያ ማዋል ግን በእኔ አስተያየት ከዚህ ልዩ ሁኔታ ውጪ ነው፡፡ ሕጉም የበና እናትንና የቦሌ ነዋሪን አይለይም፡፡

ወጣቱ ወደ ቀይ አፈር ሲመለስ ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው ይዞ ሄደና ፎቶውን በስልኩ አሳያት፡፡ እርሷን የማያውቁ ሰዎች በሩቅ አገር ሆነው እንደሚያዩት ተነገራት፡፡ እምቢ አለች፡፡ ፊቷ ለማያውቃት ሰው እንዲዞር አልፈለገችም፡፡ እርሱም ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ ቅር ብሎት ነበር፡፡ ሆኖም ፎቶውን አወረደ፡፡ ዛሬ በቦታው ያለው ከማረፊያው በር ላይ ሆኖ በማለዳ ያነሳው የመንገዱ ፎቶ ነው፤ ቀዩ አፈር፣ ጉሙ፣ በሩቁ ከብት የሚነዱ ሰዎች ጀርባ፡፡ በአስጎብኚዎቹ ሁሉ ገጽ ላይ የሚገኘውን ፊት ከመድገም ይልቅ፣ ከእርሱ በር ብቻ የሚታየውን ያሳያል፡፡ እኔ እንደ ገበያ ባለሙያ ባልናገርም፣ ለረቡዕ ማታ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አይታየኝም፡፡

ውልና ክፍያ

ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ አንድ ነገር አስቸግሮን ነበር፡፡ የድረ ገጹ ስም፣ ዶሜይን የሚባለው፣ የተመዘገበው በሠሪው ስም ነው፡፡ ሠሪው ስልክ ባያነሳ ወይም ዓመታዊ ክፍያውን ቢረሳ ማረፊያው ስሙን ያጣል፡፡ ከብዙ ልመና በኋላ ስሙ ተዛወረ፡፡ ድረ ገጽ የሚያሠራ ሁሉ በውሉ ውስጥ ቢያንስ አምስት ነጥቦች ያስጽፍ፤ ስሙ በባለቤቱ እንዲመዘገብ፣ የይለፍ ቃሎች ሁሉ በርክክብ ቀን እንዲሰጡ፣ የጽሑፍና የፎቶው መብት ለማን እንደሆነ፣ ባለቤቱ ዋጋና ጽሑፍ ራሱ መለወጥ እንዲችል፣ በመጨረሻም ሠሪው ለምን ያህል ጊዜ ጥገና እንደሚሰጥ፡፡

በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት፣ አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ በመላኩ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም፡፡ ስለዚህ “ክፍሉ ተይዞልዎታል” ብሎ መላክ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም፡፡ የስረዛ ደንቡ፣ ቀብዱ፣ የሚመለሰውና የማይመለሰው ገንዘብ አስቀድሞ በግልጽ ይጻፍ፡፡ ለአገር ውስጥ እንግዳ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ቴሌብር ቀብድ መቀበልን አቅልሎታል፡፡ የካርድ ቁጥርንና የፓስፖርት ቅጂን በኢ-ሜይል ላኩልኝ ማለት ግን መቅረት አለበት፡፡ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከወጣ ወዲህ የእንግዳን መረጃ መያዝ ኃላፊነትን ያስከትላል፤ የማያስፈልግን መረጃ አለመሰብሰብ ከሁሉ የሚቀል ጥንቃቄ ነው፡፡

ትልልቆቹ የሆቴል ማስያዣ ድረ ገጾች ኮሚሽን እንደሚወስዱ ይታወቃል፡፡ ለምሳሌ ከመቶ 15 ቢወስዱ፣ የ2,000 ብር ክፍል 300 ብር ያጣል ማለት ነው፡፡ ይህም ሆኖ ጨርሶ ይቅሩ አልልም፤ የማያውቅህን ሰው ያስተዋውቁሃል፡፡ በራስ ድረ ገጽ በቀጥታ ለሚያዝ ግን ቁርስ ወይም የማለዳ የገበያ ጉዞ ቢጨመርለት፣ ለሌላ የሚሄደው ገንዘብ በከፊል ለእንግዳው፣ በከፊል ለቀይ አፈር ይቀራል፡፡

መመዝገቢያው ደብተር

በመጨረሻ ያዘዝኩት ነገር ከኢንተርኔት ጋር ግንኙነት የለውም፡፡ አንድ ደብተር ግዛ አልኩት፡፡ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ “እንዴት አወቁን?” ብለህ ጠይቅና ጻፍ፡፡ ለሚጠይቅህ ሁሉ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደመለስክ ጻፍ፡፡ ያልመጣውንም ለምን እንደቀረ ጠይቀህ ጻፍ፡፡ ስንት ሰው ገጹን እንደጎበኘ የሚቆጥር ቁጥር ደስ ያሰኛል፤ ክፍል የሚሞላው ግን በደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ነው፡፡

ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፡፡ ተአምር አልተፈጠረም፡፡ ስምንቱም ክፍሎች ሞልተው የሚያድሩበት ሌሊት ዛሬም ጥቂት ነው፡፡ ነገር ግን በጥያቄዎቹ ዓምድ ላይ ለውጥ አየሁ፡፡ በፊት “ስንት ነው?” እና “የት ነው?” ይበዛ ነበር፡፡ አሁን የሚበዛው፣ “ለረቡዕ ማታ ክፍል አለ?” የሚለው ነው፡፡ ከመጡት እንግዶች መካከል አንዷ ስለምን እንደመረጠችው ስትጠየቅ የሰጠችው መልስም ተጽፏል፤ ሌሎቹ ገጾች የማታገኘውን ሁሉ ሲያሳዩዋት፣ የእርሱ የሚያገኛትን ነገራት፡፡

ክሱ ቢከፈት ኖሮ እስከ ዛሬ ቀጠሮ ላይ እንሆን ነበር፡፡